ቄጠማን ከረግረግ ወደ ግቢ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

የበዓል ዋዜማ ሰኞ ገበያ ብትወጡ ከሽንኩርቱና ከዶሮው እኩል የሚፈለግ ነገር አለ። ቄጠማ። ለእንቁጣጣሽ ይጎዘጎዛል፣ ለገና ይጎዘጎዛል። ቀዳም ስዑር ላይ ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ሲያድሉት ምእመኑ ራሱ ላይ ያስረዋል። ወሎ ደግሞ የሁሉም አገር ናት፤ ዱዓ ባለበት ቤት፣ የዓርብ ቡና በሚፈላበት ቤትም ቄጠማ አይጠፋም። ረከቦት ባዶ ወለል ላይ ሲቀመጥ ቡናው ራሱ የጎደለ ይመስላል።

ቄጠማ ግን የትም አይበቅልም። ውሃ የሚተኛበት መሬት ይፈልጋል። የሐይቅ ዳርቻ፣ የምንጭ ስር፣ ክረምቱን ሙሉ የማይጠነፍፍ ሜዳ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ የምታዩት የጨፋ ሜዳ ትልቁ ምሳሌ ነው። ቦርከና እዚያ ይዘረጋል፤ በበጋ ደግሞ አርብቶ አደሮች ከሩቅ ሳይቀር ከብቶቻቸውን እየነዱ ይመጡበታል። እንዲህ ያለ መሬት ሲታረስና ቦይ ሲወጣለት ይደርቃል። ሲደርቅ ቄጠማው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከስሩ እየነቀልን ከምናመጣ በግቢያችን ብናበቅለው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ይቻላልም። አንድ ሳፋ፣ ጥቂት አፈርና ትንሽ ትዕግስት ይበቃል።

የሞከሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን «ደረቀብኝ» ይላሉ። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቄጠማውን እንደ ጎመን ተክለው እንደ ጎመን ያጠጡታል። ጠዋት ይረጥባል፣ ከሰዓት ይደርቃል። ቄጠማ ውሃ እንዲጠጣ ሳይሆን ውሃ ውስጥ እንዲቆም የተፈጠረ ተክል ነው። መመሪያው በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

የረግረግ ተክልን ወደ ሰው እጅ ማምጣት አዲስ ነገር አይደለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ደርቆ በፌስታል የሚሸጠውን ቀይ ፍሬ፣ ክራንቤሪን አይታችሁ ይሆናል። ዱር በቀል የረግረግ ተክል ነው። የሚበቅለው በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ፣ አሲዳማ በሆነ እርጥብ መሬት ላይ ነው። በ1816 ዓ.ም. በእነሱ አቆጣጠር፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ኮድ በሚባል የባሕር ዳርቻ የሚኖር ሄንሪ ሆል የተባለ ሰው አንድ ነገር አስተዋለ። ነፋስ የባሕር አሸዋ ያለበሰው ክራንቤሪ ከሌላው በተሻለ ይበቅላል። እሱም ሐረጉን እያዛወረ መትከልና አሸዋ ማልበስ ጀመረ። ዛሬ ማሳቹሴትስና ዊስኮንሲን ውስጥ ያለው ትልቅ የክራንቤሪ እርሻ መነሻው ይህ ነው። ሰውዬው ያደረገው ረግረጉን ማየትና መኮረጅ ብቻ ነበር። እኛም የምናደርገው እሱን ነው።

(«ታዲያ ክራንቤሪውን ራሱን ደሴ ላይ አንተክልም ወይ?» የሚል ካለ፣ ባትለፉ ይሻላል። ተክሉ በደንብ ለማበብ ወራት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የደሴ ብርድ ሌሊት ይመጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። ለክራንቤሪ አይበቃውም።)

በመጀመሪያ፦ ቄጠማውን ከሳር ለዩ

ረግረግ ውስጥ ረጅምና አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ቄጠማ አይደለም። መለያው ዓይን ሳይሆን ጣት ነው። ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ አሽከርክሩት። ሳር ድብልብል ስለሆነ ይሽከረከራል። ቄጠማ ሦስት ጠርዝ ስላለው ይቆረቁራል። ቀጥሎ በምላጭ ወይም በቢላ አግድም ቁረጡት። የብዙ ሳር ግንድ በየመሃሉ አንጓ አለው፤ በአንጓና በአንጓ መካከልም ክፍት ነው። የቄጠማ ግንድ አንጓ አይታይበትም፤ ውስጡም በነጭና ለስላሳ ነገር የተሞላ ነው። ቅጠሎቹን ከላይ ወደ ታች ብታዩአቸው በሦስት አቅጣጫ ይወጣሉ።

ሁለት የሚያሳስቱ ተክሎች አሉ። አንደኛው ፊላ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም ነው፤ ሲያብብ አናቱ ላይ ቡናማ፣ ድፍንና ዱላ መሰል ነገር ያወጣል። ለጣራ ክዳንና ለምንጣፍ ይሆናል፤ ለቡና ወለል ግን ይከብዳል፣ ሳፋም አይበቃውም። ሁለተኛው እንግጫ ነው። የቄጠማ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ግንዱ እሱም ባለሦስት ጠርዝ ነው። ስሩን ስትቆፍሩ ግን እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ጥቋቁር እብጠቶች ታገኛላችሁ። አንድ ጊዜ ግቢ ከገባ ከአትክልት መደብ ማስወጣት ጭንቅ ነው። ፍሬ የመሰለ ነገር ስሩ ላይ ካያችሁ ተዉት።

ለቤት የሚመረጠው ቁመቱ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ቅጠሉ ቀጭንና ለስላሳ፣ በአንድ ቦታ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ዓይነት ነው። ሽታውንም እዩት። ጥሩ ቄጠማ ስትጨምቁት እርጥብና ጥርት ያለ ሽታ አለው።

የሚተከለውን ከየት ታመጣላችሁ?

ቀላሉ መንገድ ሻጮቹን መጠየቅ ነው። «እማማ፣ ከነስሩ ትንሽ ያመጡልኛል?» ብትሉ ብዙዎቹ ለሚቀጥለው የገበያ ቀን ይዘው ይመጣሉ። ከየት እንዳመጡትም ጠይቁ። ይህ ጥያቄ የወሬ ማራዘሚያ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ የሚያልፉ ወንዞች የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላሉ። የረግረግ ተክሎች ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ፣ ከባድ ብረት ጭምር፣ በስራቸው ይይዛሉ። ውሃ በማጣራት የሚታወቁትም ለዚህ ነው። ከፍሳሽ ዳር የመጣ ቄጠማ ልጆች የሚድሁበት ወለል ላይ ባይነጠፍ እመርጣለሁ። ከከተማው በላይ ካለ ምንጭ ወይም ከገበሬ ማሳ ጠርዝ የመጣው ይሻላል።

ራሳችሁ ልትቆፍሩ ከወጣችሁ ባለ መሬቱን አስፈቅዱ። ባዶ የሚመስል ረግረግ ሁሉ የአንድ ሰው ወይም የአካባቢው የጋራ ግጦሽ ነው። ከአንድ ጉብታ ጫፍ ላይ በዶማ አንድ ጭብጥ የሚያህል ብቻ ቁረጡና የቆፈራችሁበትን መልሳችሁ ድፈኑ። መሃሉን አትንኩ። ሁለትና ሦስት ቦታ ላይ እንዲህ ካደረጋችሁ ለአንድ ሳፋ ይበቃል።

እግራችሁን ጠብቁ። በሐይቅ፣ በኮምቦልቻና በከሚሴ አካባቢ ውሃዎች ቢልሃርዝያ የታወቀ በሽታ ነው። ተባዩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በባዶ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ቁስል እንኳን አያስፈልገውም። ቦት ጫማ አድርጉ። ቦት ከሌለ ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ከደረቁ ጠርዝ ላይ ሥሩ።

ስሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉ። ቤት ስትደርሱ በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ቀንድ አውጣና ጥቃቅን እንቁላል እየፈለጋችሁ ቅጠል በቅጠል እዩ። ከመካከሉ የተቀላቀለ ሌላ ተክል ካለ አውጡ። በተለይ ቅጠሉ ክብና የሚያብረቀርቅ፣ አንገቱ ያበጠ፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ ተንሳፋፊ ተክል ካያችሁ እምቦጭ ነው። ጣና ላይ ከ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ያደረሰው ጉዳት ይታወቃል። ወደ ቤትም ወደ ሌላ ውሃም አትውሰዱት፤ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ አቃጥሉት።

መቼ?

ደሴ ላይ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ። ዝናቡ ሥራውን ያግዛችኋል። በልግ ደህና ከዘነበ መጋቢትም ይሆናል። ከጥቅምት በኋላ ግን ደሴ ላይ አትትከሉ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ፤ ስር ያልያዘ ቄጠማ አይቋቋመውም። ኮምቦልቻ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለምትል ሙቀቷ ዓመቱን ሙሉ ይፈቅዳል። እዚያ የሚወስነው ውሃ ነው።

ረግረጉን መሥራት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

ረግረግ አፈር ውስጥ አየር የለም። ውሃው የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ይሞላዋል። ጎመንና ቃሪያ እዚያ ታፍነው ይሞታሉ። ቄጠማ የማይሞተው ግንዱና ስሩ ውስጥ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦሩ የአየር መንገዶች ስላሉት ነው። አየሩን ከላይ ስቦ ወደ ስሩ ያወርዳል። ስለዚህ የእናንተ ሥራ ሁለት ነው፤ ታች ሁልጊዜ ውሃ እንዲኖር፣ ግንዱ ደግሞ ከውሃ በላይ እንዲተነፍስ ማድረግ።

በሳፋ ለመሥራት፦ የልብስ ማጠቢያ ትልቅ ሳፋ ወይም ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ በርሜል ፈልጉ። ጥልቀቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ታቹን አትብሱት። ከላይኛው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ጎኑ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ አድርጉ። ክረምት ሲያፈስሰው ትርፉ በዚያ ይወጣል።

በመሬት ለመሥራት፦ ቦታ ካላችሁ ይህ ይበልጣል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። ድንጋዩን ልቀሙና ወፍራም ላስቲክ አንጥፉበት፤ ሁለት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። የላስቲኩን ጠርዝ በአንድ በኩል ዝቅ አድርጉት፣ መፍሰሻው ያ ነው። ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ። የጭቃ ቤት ከሆነ የበለጠ ራቁ፤ እርጥበት መሠረቱን ይበላዋል።

አፈሩን በባልዲ ለኩ። ሦስት ባልዲ ከባድ የግቢ አፈር፣ አንድ ባልዲ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ፍግ። ጥቁር አፈር ካገኛችሁ እሰዬው፣ ውሃ ይይዛል። ፍጉን አታብዙ። ያልበሰለ ፍግ አየር በሌለበት ውሃ ውስጥ ሲብላላ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ስሩንም ያቆረፍዳል። ጎረቤትም ዝም አይላችሁም።

ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ነገር ጨምሩ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱና ቂጡን ቁረጡ፤ ጎኑን በጋለ ሚስማር በሳሱት። አንገቱ ወደ ላይ ሆኖ አንድ ጥግ ላይ አቁሙትና አፈሩን በዙሪያው ሙሉ። ክዳኑን ስትከፍቱ ውሃው የት እንደደረሰ በቀጥታ ታያላችሁ። ከዚያ ክደኑት፤ ትንኝ እንዳይገባ።

አፈሩ ከገባ በኋላ ውሃ ሙሉበትና ሁለት ቀን ተዉት። ይቀመጣል፣ አረፋው ይወጣል። የጎደለውን ጨምሩ።

አተካከል

ጉብታውን በእጃችሁ ለያዩት። አንድ ችግኝ የሚባለው ከሦስት እስከ አምስት ግንድ ያለውና ከታች አግድም የሚሄደው ወፍራም ስር የተያያዘበት ነው። ያ አግድም ስር ከሌለ ችግኙ አይቀጥልም፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከእሱ ነው። ቅጠሉን 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ከላይ ቁረጡት። ያሳዝናል፣ ግን ስሩ ገና ሳይዝ ረጅም ቅጠል መመገብ አይችልም።

በ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ትከሉ። አግድም ስሩ ከአፈሩ ወለል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ይበል። በዙሪያው በጣት ጠበቅ አድርጉ። ከዚያ ሙሉ ወለሉን ሁለት ጣት ያህል አሸዋ ወይም ጥቃቅን ጠጠር አልብሱት። ሄንሪ ሆል ያየው ዓይነት አሸዋ መሆኑ ነው። ለእኛ ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ ውሃው ከአሸዋው ስር ሲሆን ትንኝ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ አታገኝም።

ይህን የትንኝ ነገር ኮምቦልቻ ያላችሁ አደራ እላችኋለሁ። ከተማዋ ወባ ያለባት ናት። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጊዜ በሙቀት ወራት ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ከላይ የሚታይ የተኛ ውሃ አይኑር። የውሃው ልክ ከአሸዋው ወለል ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። በሃይላንዱ ውስጥ አይታችሁ ታስተካክላላችሁ። ዘንቦ ከሞላ ትርፉን በዚያው ቀን አፍስሱት።

ውሃና እንክብካቤ

የመጀመሪያው ወር ወሳኙ ነው። ውሃው ፈጽሞ እንዳይጎድል። አሮጌው ቅጠል ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፣ ከመሃል የሾለ አረንጓዴ ከወጣ ይዟል ማለት ነው። ግማሽ ቀን ፀሐይ ይበቃዋል። ደሴ ላይ ሙሉ ፀሐይ ያለበትን፣ ነፋስ የሚከልል ግድግዳ ያለበትን ጎን ምረጡ።

ውሃ በፈረቃ የምታገኙ ከሆነ ለቄጠማ የቧንቧ ውሃ አታባክኑ። ምስርና ሽንብራ ያጠባችሁበት ውሃ፣ የልብስ ማለቅለቂያ የመጨረሻው ውሃ በቂ ነው። በረኪና ያለበትን ግን በፍጹም። የሳሙና ውሃም ቢሆን ብቻውን ለወራት አይጠጣ፤ ጨዉ አፈሩ ውስጥ ይከማቻል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ደጋግሞ እንዲያጥበው ተዉት።

ፍግ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከአጨዳ በኋላ፣ አንድ ጭብጥ በአንድ ጭብጥ ከአሸዋው ስር እየቀበራችሁ ስጡት። ዩሪያ አያስፈልግም። የሚያፈጥነው ግንዱን አለስልሶ ነው፤ ለስላሳ ግንድ ደግሞ ወለል ላይ ቶሎ ይጠወልጋል።

አጨዳ

አትንቀሉ። ማጭዱን ሳሉና ከአሸዋው ወለል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ እጨዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከታጨደ በኋላ የቀረው ጉቶ ውሃ ስር መዋል የለበትም። የተቆረጠው ግንድ የአየር መንገዱ አፍ ተከፍቷል፤ ውሃ ከሸፈነው መንገዱ በውሃ ይሞላል፣ ስሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። ፊላ ያስቸገራቸው ሰዎች ሆን ብለው ከውሃ በታች የሚያጭዱት እንዲሞት ነው። ስለዚህ ካጨዳችሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት የውሃውን ልክ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ መፍሰሻው እንዳልተደፈነ እዩ።

ሙሉውን በአንድ ጊዜ አትጨዱ። ሳፋውን በሐሳብ ለሁለት ክፈሉት። ለመስቀል ግራውን፣ ለገና ቀኙን። ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር እድገቱ ስለሚዘገይ ለገና የሚሆነውን ከጥቅምት ጀምሮ ሳትነኩ አቆዩ። የፋሲካው የበልጉን እርጥበት ስለሚያገኝ አያስቸግርም። ለዓርብ ቡና ብቻ ከሆነ ከየጉብታው ረጃጅሙን እየመረጣችሁ ቁረጡ፤ ጉብታው አይጎዳም።

ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ የታጨደ ቄጠማ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ቦታ ቢቀመጥ እስከ ማታ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ወለሉ ላይ ስትጎዘጉዙ ከፍም ከሰል ማንደጃው ሥር አርቁት፤ ሲደርቅ ቶሎ ይያያዛል።

የተረገጠውን ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙ ቤት ለበግ ይሰጣል። ከረግረግ የመጣ ቄጠማ ላይ ይህን አልመክርም። የጉበት ትል እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃ ዳር ቅጠል ላይ ይጣበቃል፤ በጉ ሲበላው ጉበቱ ውስጥ ይገባል። ቀንድ አውጣ በሌለበት ሳፋ ያደገው ግን ይህ ስጋት የለበትም። ካልሆነ ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩት ወይም የቃሪያውን መደብ አልብሱበት፤ እርጥበት ይይዛል።

በየሁለት ዓመቱ ሳፋው ይጠብባል። መሃሉ ይሳሳል፣ ዳር ዳሩ ይጨናነቃል። በሰኔ ሙሉውን አውጡና ከዳር ያለውን ወጣት ስር መርጣችሁ በአዲስ አፈር መልሳችሁ ትከሉ። ከሁለት ሦስተኛው በላይ ይተርፋል። ትርፉን ቦይና ወንዝ ውስጥ አትጣሉት፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ተክል ነው፣ ቦዩንም ይዘጋል። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉና ለጎረቤት ስጡ፤ ሃይላንዱን እንዴት እንደሚያቆም ማሳየት ግን አትርሱ።